ሱሩር የዋጠው ስፒል

ባለቤቴ ሱሩር ልብስ ሰፊ ነበር። ጋምቤላ፣ ባሮ ዳር ካሉት ሱቆች በአንዱ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ዕድሜውን ፈጀ። ለአኙዋኩም፣ ለኑዌሩም፣ ለፖሊሱም፣ እንደኛ ከደጋ ለወረደውም ነጋዴ ይሰፋል። ሜትር አይወድም፤ ሰውየውን አንዴ አየት ያደርግና ይቆርጣል። ስቶ አያውቅም ብል ግን አላህ ይታዘበኛል፤ የአንድ የመቶ አለቃ ሱሪ አሳጥሮበት ስንት ቀን ጓዳ ተደብቆብኛል።

ሁለት አመል ነበረው። አንደኛው ስፒል በአፉ መያዝ ነው። “አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ትውጠዋለህ!” ስለው ከንፈሩን ሳያላቅቅ “እህም” ይለኛል። ደጁ አሸዋ ስለሆነ የወደቀ ስፒል በዓይን አይገኝም። ለዚህ ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ፣ ከበድ ያለ ክብ ማግኔት ነበረው። ሥራ ሲጨርስ በገመድ አስሮ አሸዋው ላይ ሲጎትተው ስፒሎቹ ተንጠልጥለው ይወጣሉ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየዋል።

ሁለተኛው አመሉ ቂም ነው። እሱስ ከስፒሉም ይብሳል።

እናቱ ጎሬ፣ ታላቅ ወንድሙ ሸሪፍ ዘንድ ነበር የምትኖረው። በክረምት ታመመች፤ ሞተች። ሱሩር የሰማው ከተቀበረች በኋላ፣ ቡና ጭነው ከወረዱ ሰዎች አፍ ነው። ሸሪፍ መልእክተኛ ልኮ ነበር፤ መንገድ ላይ ወንዝ ሞልቶ ከቡሬ መለሰው። ይህን ስንት ሽማግሌ ነገረው! ማን ይሰማል? “እናቴን ደብቆ ቀበራት” አለ፤ አለቀ። ከዚያ ወዲያ የሸሪፍ ስም ቤታችን አይነሳም። የላከልንን ማር እንኳ አንስቶ ለጎረቤት ሰጠብኝ። ሲስቅ ሲያስቅ የሚውል ሰው፣ እዚህ ላይ ድንጋይ ሆነ።

ጥቅምት ገብቶ ባሮ መጉደል ሲጀምር፣ የዓመቱ የመጨረሻ መርከብ ወደ ካርቱም ሊነሳ ተዘጋጀ። ሸሪፍም ለሐጅ ሊሄድ ከጎሬ ወረደ። በመርከቡ ካርቱም ይደርሳል፤ ሱዳን ጥቂት ሠርቶ ስንቁን ያጠናክርና ባሕሩን ወደ ጅዳ ይሻገራል። ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ነው። ታዲያ ሐጅ የሚሄድ ሰው የተጣላውን “አፉ በለኝ” ብሎ ይቅርታ ሳይለምን አይሄድም። ያውም የእናቱን ልጅ አስቀይሞ ምን ብሎ ካዕባ ፊት ይቆማል?

የዚያን ዕለት እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ። ሱሩር ጎንበስ ብሎ የቀሚስ ጠርዝ ያያይዛል፤ አፉ ስፒል ሞልቷል። ሸሪፍ ከኋላው መጥቶ ቆመና፣ “አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሱሩር” አለ።

ሰላምታ ቢጣሉም ይመለሳል፤ ያደግንበት ነው። ሱሩር ድምፁን ሲለይ ክው አለ። ቀና ሳይል፣ አፉን ሳያራግፍ፣ “ወዓለይኩሙ ሰላም” ብሎ ሙሉውን መለሰ። ወዲያው አንገቱን ያዘ። ስፒሎቹን ተፋቸው፤ አንዱ ግን ወርዷል።

ያ አላህ! እያለቀስኩ ከሸሪፍ ጋር ክሊኒክ ወሰድነው። እዚያ አንድ ፈረንጅ ሐኪምና ኦጅዋክ የሚባል የአኙዋክ ተወላጅ ድሬሰር፣ የሐኪሙ ረዳት፣ ነበሩ። ኦጅዋክ የሐኪሙን ቃል በአማርኛ ነገረን። “ስፒል አሁን ጨጓራ ውስጥ ነው። ዛሬ ካልወጣ ወደ አንጀት ይሄዳል፣ ይበሳል። ያን ጊዜ ሆድ መክፈት ነው፤ እዚህ ደግሞ አንችልም።” ወደ ጅማ እንዳንወስደው የአውሮፕላን ሜዳው ገና ጭቃ ነው።

ሐኪሙ ጫፏ ላይ ትንሽ ማግኔት የተሰካባት ቀጭን የጎማ ቱቦ ነበረችው። በአፍ ትገባለች፤ ብረት ካገኘች ይዛ ትወጣለች። ችግሩ ሆድ ውስጥ ከደረሰች በኋላ የት እንደምትሄድ የሚያዛት የለም። ከውጭ የሚመራት ኃይለኛ ማግኔት ያስፈልጋል። ኦጅዋክ ይህን ሲሰማ “ሱሩር አለው! አሸዋ ላይ ሲጎትት አይቻለሁ” ብሎ ሮጦ አመጣው። ሐኪሙ ቱቦዋን በታጠፈ አንሶላ ሸፍኖ ትልቁን ማግኔት ከላይ ሲያንሸራትት፣ ትንሿ አንሶላው ሥር ተከተለችው። እንደዚሁ በሱሩር ሆድ ላይ ሊያደርጉት ነው።

ቱቦው ከመግባቱ በፊት ወደ ሱሩር ጆሮ ጠጋ ብዬ “ሞት አለ፤ አፉ በለው” አልኩት። “ለእሱ ልትማልጂ ነው የመጣሽው? ይልቅ ሥራቸውን ይሥሩ” አለኝ። ሸሪፍ ሰምቶ አንገቱን ደፋ። ወላሂ፣ ሊሞት የተኛ ባይሆን ኖሮ በጥፊ ነበር የምለው!

ሐኪሙ ቱቦውን ይገፋል፤ ኦጅዋክ ራሱን ደግፎ ይይዛል። ማግኔቱን እኔ ያዝኩ፤ ገና ሆዱ ላይ ሳሳርፈው አዳለጠኝ።

“አንቺ ተይው” አለኝ ኦጅዋክ። “ማግኔት ዘለል ካለ ውስጥ ያለው ይዘላል፣ ያቆስላል።”

“እኔ ልያዘው” አለ ሸሪፍ።

ሱሩር ዓይኑን ጨፈነ፤ ጎማው ጉሮሮው ውስጥ ነው፣ መናገር አይችልም። ሸሪፍ ማግኔቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ኦጅዋክ “ወደ ግራ፣ ቀስ፣ ቁም” እንዳለው የወንድሙን ሆድ እየዳሰሰ ሄደ። ቱቦው ሲወጣ ባዶ ነው። እንደገና ገባ፤ እንደገና ባዶ። ሱሩር ላብ አጠመቀው፤ እኔ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨረስኩ።

ቱቦው ለሦስተኛ ጊዜ ሲገባ መርከቡ ጮኸ።

“ጋሼ ሸሪፍ፣ መርከቡ!” አልኩ።

“ሰምቻለሁ” አለኝ፤ እጁን አላነሳም። ጓዙ እንኳ ተጭኗል። መርከቡ ደግሞ ጮኸ። ሱሩር ዓይኑን ገለጠና የወንድሙን ክንድ ወደ ውጭ ገፋው፤ ሂድ ማለቱ ነው። ሸሪፍ “አርፈህ ተኛ” አለው፣ ሕፃን እንደሚቆጡት። ሱሩርም አርፎ ተኛ። ጩኸቱ እየራቀ ወንዙን ይዞ ወረደ፤ ያ ማግኔት ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልዘለለም።

“አሁን አንሳ፣ ወደ ላይ” አለ ኦጅዋክ። ሸሪፍ ማግኔቱን ከሆዱ አራቀ። ሐኪሙ ጎማውን ቀስ እያለ ሳበ። ጫፉ ሲወጣ ስፒሉ በጭንቅላቱ በኩል ተጣብቆ፣ ደም ነክቶት ተንጠልጥሏል። አልሐምዱሊላህ!

ሱሩር ደም ተፋ፤ ውሃ ተጉመጠመጠ። ድምፁ ተዘግቶ ነበር።

“መርከቡስ?”

“ሄደ” አለው ሸሪፍ።

“አፉ ብዬሃ...”

“ቆይ። ምኑን እንደሆነ ሳትሰማ አትበለኝ።” ሸሪፍ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። “ስለ መልእክቱ አይደለም የመጣሁት። እማ መጨረሻ ላይ ዓይኗ አያይም ነበር። ‘ሱሩር መጣ ወይ?’ ትላለች። መልእክተኛው ተመልሷል፣ ምን ልበላት? እጇን ያዝኩና ‘መጣሁ እማ፣ ሱሩር ነኝ’ አልኳት። ፊቴን ዳሰሰችኝ፤ ‘ልጄ፣ ከሳህ’ አለች። መረቀችኝ። የመጨረሻ ምርቃቷ ነው። ያንተን ነው የወሰድኩት።”

ሱሩር በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። ከዚያ በዚያች በተዘጋች ድምፁ፣ “ሌላስ ምን አለችኝ?” አለው።

ሸሪፍ ወደ ወንድሙ ጠጋ አለ።

“‘ሸሪፍን አደራ፤ ካንተ ሌላ ማንም የለውም’ አለችህ።”

ሱሩር የወንድሙን እጅ ጎትቶ ፊቱ ላይ አደረገና፣ በዚያ በቆሰለ ጉሮሮው አለቀሰ። እኔ፣ ሐኪሙና ኦጅዋክ በሩን ገርበብ አድርገንላቸው ወጣን።