የኡስታ እድሪስ ከበሮ መቺ ማሽን

ቅዳሜ ረፋድ

ክራሬን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከገዳሪፍ ወደ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ታሪፉ በነዳጁ ምክንያት ካለፈው ወር እጥፍ ሆኗል፤ ወንበር ስላልነበረ የማሽላ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። የምሄደው በሙያቸው «ኡስታ» የሚባሉት ኤርትራዊው መካኒክ እድሪስ ከሠሩት ማሽን ጋር ልለማመድ ነበር። በማግስቱ ዶካ ከተማ ሠርግ ላይ ተጠርተናል። ከበሮ መቺዬ የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ወደ ግብፅ ከሄደ ወዲህ ብቻዬን ነበር የምጫወተው።

ኡስታ እድሪስ በልጅነታቸው ካምፑ ገብተው እዚያው ሸብተዋል። አማርኛ የለመዱት ከእኛ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሎሪ ሲጠግኑ ነው። ማሽናቸው ከበሮ የታሰረበት የእንጨት ማቆሚያ ነው። ሁለት የሎሪ ዝናብ መጥረጊያ ሞተሮች ጎማ የተጠቀለለባቸውን ዱላዎች ያንቀሳቅሳሉ፤ ትንሽ ኮምፒዩተር ደግሞ ክራሩን በማይክሮፎን እየሰማች ምቱን ታዛለች።

አብረን የምንጫወተውን ዘፈን የሠራነው ሁለት ወር ሙሉ ድምፅ በስልክ እየተላላክን ነው። ክራሩ ዝግ ሲል ማሽኑ ከሦስተኛው ምት በፊት ይዘገያል። ጉድለት ስለመሰለኝ እንዲያስተካክሉት ጠይቄ ነበር።

«ተወው፤ እያሰበ ነው» አሉኝ። «አንተም ጠብቀው።»

ዜማውን በዚያ መዘግየት ዙሪያ ቀየርኩት። ከሠራኋቸው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ሆነ።

ፉል በልተን ደጃፋቸው ላይ ስንጫወት ጎረቤቱ ተሰበሰበ። አንዲት ሴትዮ ከበሮውን ማን እንደሚመታው ጠየቁ። ኡስታ እድሪስ ወደ እኔ አመለከቱ።

እሑድ፣ የዶካ መንገድ

ማሽኑን በሸራ ሸፍነን ሰው በሚያጓጉዝ ፒክአፕ ላይ ጫንን። ገዳሪፍን አልፈን፣ ማሽላው በታጨደበት ሜዳ መሀል ኬላ አስቆመን። አንድ ወታደር ሸራውን ገልጦ ሽቦና ባትሪ ሲያይ ጓደኞቹን ጠራ። የድሮን ዕቃ መሰላቸው። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ተሰለፈ። ኡስታ እድሪስ ከበሮ መሆኑን በዐረብኛ አስረዱ፤ አስነስተው ሊያሳዩም ለመኑ። አልተፈቀደላቸውም።

«ያንን ጠይቁት» አሉ ወደ እኔ እያሳዩ። «ሙዚቀኛ ነው። አብረን ነው የምንሠራው።»

የስደተኛ መታወቂያዬ ጊዜው ካለፈ አራት ወር ሆኖታል። ወታደሩ ቀረበኝና ሰውዬውን አውቃቸው እንደሆነ ጠየቀኝ።

«አላውቀውም» አልኩ። «መኪና ላይ ነው የተገናኘነው።»

አንቱ ስላቸው የኖርኩትን ሰው «እሱ» ብዬ ካድኩ። ኡስታ እድሪስ አንገታቸውን ደፉ። ወታደሩ ከበሮውን በሳንጃ ቀደደው። እሳቸውን አስቀርተው እኛን ለቀቁን።

ሠርጉ

ተጫወትኩ። ያንን ዘፈን ጭምር። ምቱ በሚዘገይበት ቦታ እጄ በራሱ ይቆማል፤ ሰዉ ዜማው የጠፋኝ መስሎት ሊያበረታታኝ አጨበጨበልኝ። ሥጋ ቀረበልኝ፤ በላሁ።

ወደ ገዳሪፍ መልስ

ሰኞ ቤቴ ገባሁ። ኡስታ እድሪስ በሦስተኛው ቀን መለቀቃቸውን ስሰማ ደወልኩላቸው። ስለ መታወቂያዬ መናገር ስጀምር አቋረጡኝ።

«እሱ ይገባኛል። በአንተ ቦታ ብሆን እኔም ልዋሽ እችላለሁ። ዘፈኑን ተጫወትከው?»

«አዎ» አልኩ።

ስልኩን ዘጉት። ከዚያ ወዲህ አያነሱልኝም።

መተማን በእግሬ ስሻገር፣ ካምፕ ውስጥ ስታመም፣ ራሴን እንደ ደፋር ሰው ነበር የማየው። ፈሪ ብቻ ብሆን ይቀለኝ ነበር። ከኬላው ወዲያ ማንም ሳያስገድደኝ የሰውየውን ሥራ ለብቻዬ ማስጨብጨቢያ ያደረግሁት እኔው ነኝ።