በንጉሥ አምላክ ሲባል የቆመው ሰው

ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር የሚወጣው መንገድ ሁለት የተጫኑ አህዮችን ጎን ለጎን አያሳልፍም። እንዲያም ሆኖ ዓርብ ዓርብ አገሩ ሁሉ በዚያ ይወጣል፣ ይወርዳል። ግመል ዳገቱን ስለማይችለው ከቆላ የመጣው አሞሌና ጨርቅ እታች ይራገፍና በበቅሎና በአህያ ይጫናል። ከላይ ደግሞ ገብሱ፣ ማሩ፣ በጉ ይወርዳል። ንጉሡ እንጦጦ ማዘውተር ከጀመሩ ወዲህ መንገዱ ይቀላል ብለን ነበር፤ አልቀለለም። የሚሄደውም የሚመለሰውም ጓዝ በእኛው በር ሆነ።

መንገዱ ሕግ ነበረው። ጭኖ የሚወጣ የተራራውን ጥግ ይይዛል፤ የሚወርድ ወይም ባዶውን የሚሄድ በገደሉ በኩል ቆሞ ያሳልፋል። መታጠፊያ የደረሰ ሰው ከመግባቱ በፊት ይጮኻል፤ ከወዲያ ድምፅ ከመለሰለት ይጠብቃል። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም፤ የሚያከብረው ግን ጥቂት ነበር። ነጋዴው ቀድሞ ልግባ ብሎ ይጥሰዋል፣ ወታደሩ ጠመንጃ ስለያዘ ይጥሰዋል፣ የመኳንንት አሽከር ደግሞ ጌታው ትልቅ መሆኑ እንዲታወቅ ብቻ ይጥሰዋል። ስለዚህ በዚያ መንገድ ደም ሳይፈስ የዋለ ዓርብ አላስታውስም።

ሌላም ሕግ ነበር፤ ይኸኛው የሁሉም ነው። የተበደለ ሰው «በንጉሥ አምላክ ቁም» ካለ የተጠራው ይቆማል። ከዚያ የሁለቱ የልብስ ጫፍ ይቋጠርና እንደ ተቋጠሩ ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ። ቋጠሮውን ያለ ዳኛ የፈታ ንጉሡን እንደ ናቀ ይቆጠራል።

ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ የደብራችን ቄስ ነበሩ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ፊደል ያስቆጠሩት እኔን ነው፤ ዳዊትም ደግሜያለሁ። ከዚያ ያለፈ ትምህርት የለኝም። ሰው ፊት መናገር ግን አልችልም ነበር። እንግዳ ከመጣ ከጓዳ አልወጣም፤ ሰላም ላለኝ ሰው እንኳ የምመልሰው ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ነው። ለሴት ልጅ ያምራል እየተባለ ተመሰገንሁበት እንጂ ማንም ነውር ብሎ አልነገረኝም።

አንድ ዓርብ አባቴ ለቅዳሴ የሚሆን ዘቢብ ሊገዙ ወረዱ። ዘቢብ ከባሕር በኩል ስለሚመጣ ከአልዩ አምባ ነጋዴዎች በቀር የሚያገኝልን የለም። እኔ አህያዋን ልነዳ ተከተልኋቸው። ዘቢቡንና ጥቂት አሞሌ ጭነን ፀሐይ ሳትከርር ወደ ላይ ተነሣን።

ዳገቱን እንደ ጀመርን መንገዱ ተዘጋ። ባዶ በቅሎ እየነዳ የሚወጣ አንድ ሰው ማር ጭኖ ከሚወርድ ባላገር ጋር ተፋጧል። አንዱ ወደ ኋላ ካልተመለሰ ማንም አያልፍም።

«ባዶህን ነህ፤ ገደሉን ያዝ» አለ ባላገሩ።

«ባዶስ ያንተ ጭንቅላት።»

«መንገዱን የጠረበው አባትህ ነው?»

«አባቴ ባይጠርበውም አያትህ ጠርጎታል።»

ከኋላ የቆመው ሕዝብ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ዱላ ተነሣ። ባላገሩ አፉን ይዞ ቁጭ አለ፤ ደሙ በጣቶቹ መካከል ወረደ። ሁለት ጥርሱን መዳፉ ላይ ተፍቶ አያቸውና በመቀነቱ ጫፍ ቋጠራቸው። ባለ በቅሎው ግን አልፎ ሄዷል።

«ወዲያ አትዪ» አሉኝ አባቴ። «አህያሽን እዪ።»

እኩሌታው ዳገት ላይ መንገዱ ድንጋይ ዞሮ የሚታጠፍበት ስፍራ አለ። አባቴ እንደ ደንቡ ጮኹ። ጠበቅን፤ መልስ አልመጣም። የተራራውን ጥግ ይዘን ገባን። መካከሉ ላይ ስንደርስ ከላይ የአንድ መኰንን ጭፍራ እየሮጠ ወረደ። ከፊት ፊት ሽመል የያዙ አሽከሮች ያገኙትን ሁሉ ይመታሉ፤ ከኋላቸው በቅሎ፣ ከበቅሎዋ ኋላ ጌታው በጃንጥላ ሥር፣ ከዚያም ጓዙ።

«ዞር በሉ፣ ዞር በሉ» ይላሉ። ዞር የሚባልበት ስፍራ ግን አልነበረም፤ በአንድ በኩል ድንጋይ፣ በሌላው ገደል ነው።

«ጭነት ነን፣ ልጆቼ» አሉ አባቴ። «እናንተ በዚያ በኩል እለፉ።»

ከሁሉ የቀደመው አሽከር ፊቱን ፈንጣጣ የበላው፣ ቀጭን ሰው ነበር። «ቄስ፣ ጭነትህን ለእግዜር አሳልፈህ ስጥ» አለና አባቴን ቅንድባቸው ላይ በሽመሉ መታቸው። ባልንጀሮቹ ሳቁ። ሁለተኛውን ምት ለአህያዋ አፍንጫ ሰጣት። አህያዋ ወደ ኋላ ሸሸች፤ የኋላ እግሮቿ መሬት አጡ። ገመዱ በአባቴ አንጓ ላይ ተጠምጥሞ ስለነበር ጎተተቻቸው። ወገባቸውን ይዤ ተንበረከክሁ። ገመዱ ቆዳቸውን ገፎ ሲፈታ እኔና እርሳቸው መንገዱ ላይ ተዘረርን። አህያዋ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ላይ ስትመታ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማሁም።

አባቴን ከመንገዱ ላነሣ ስል የጭፍራው በቅሎ ደረሰች። የሚስባት ሰው አላቆማትም። ቅልጥማቸውን ረግጣ አለፈች፤ አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ተሰበረ። ጌታው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው በላያችን አለፉ። ዐይናቸውን እንኳ አላዞሩም።

«ጥሪው» አሉኝ አባቴ። ከቅንድባቸው የወረደው ደም ሁለቱንም ዐይናቸውን ሞልቶታል። «የመታኝ ይሄዳል። በንጉሥ አምላክ በይው።»

አፌን ከፈትሁ። ፈንጣጣ የበላው ሰው አሥር እርምጃ ርቋል። ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ሃያ እርምጃ ሆነ። አባቴ ክንዴን ይዘው ጥፍራቸውን ቀበሩብኝ። ሰውየው ታጠፈና ከዐይኔ ጠፋ፤ ድምፄ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«በንጉሥ አምላክ፣ ቁም» አልሁ።

ጭፍራው ሁሉ እንዳልሰማ ሆኖ ወረደ። አንድ ሰው ግን ቆመ። የወጥ ቤቱን በቅሎ ይዞ ከሁሉ ኋላ የሚወርድ፣ ጢሙ የሸበተ ጎልማሳ ነው። የበቅሎዋን ገመድ ለባልንጀራው ሰጠና ወደ እኛ ተመለሰ።

«እነሆ ቆሜያለሁ» አለ። «ምን ሆናችሁ?»

ከኋላችን ተከማችቶ የነበረው መንገደኛ ከበበን። «ያዝሽው? እሰሪው፣ እሰሪው፤ እንዳያመልጥ» አሉኝ። አንዲት ሴት የነጠላዬን ጫፍ በእጄ አስያዘችኝ፤ ሌላው የሰውየውን ነጠላ ጎትቶ አቀረበልኝ። እኔ ከማላውቀው ወንድ ጋር እንዲህ ቀርቤ ቆሜ አላውቅም። ከኀፍረቱ የተነሣ ዐይኔን ከመሬት አላነሣሁም። ጣቶቼ ቋጠሩት።

አንድ የአልዩ አምባ እስላም ነጋዴ «ሱብሃነላህ» እያለ ከበቅሎው ወረደና አባቴን በላይዋ አስቀመጠልን። ወደ ላይ፣ ከአንኮበር በታች ወዳለው ኬላ ጉዞ ጀመርን። እኔና ሰውየው ተቋጥረን ከበቅሎዋ ኋላ እንሄዳለን።

«ቀስ በይ፣ እኅቴ» አለኝ። «ያለችኝ ነጠላ ይቺው ናት፤ ብትቀደድ ሌላ የለኝም።»

እርምጃዬን አዘገየሁ።

«እኔ እንዳልመታኋቸው አይተሻል አይደል?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«የመታቸው የጌታዬ ወዳጅ ነው። እሱ እንኳን ለንጉሥ አምላክ ለራሱ ለአምላክም አይቆም። ለዳኛው ያየሽውን ንገሪ፣ ሌላ አልሻም። ደግሞ እራት ሳይደርስ ጓዙን ካልደረስሁበት እዚያም ዱላ አለልኝ።»

እሺ ለማለት እንደገና ራሴን ነቀነቅሁ። አሁኑኑ ፈትቼ ልልቀቀው አልሁ በልቤ። ቋጠሮውን ያለ ዳኛ መፍታት ግን አይቻልም፤ ሕዝቡም ከኋላችን እየተከተለ ነበር።

ኬላው በር ላይ ስንደርስ መንገዱ ታፍኗል። የሚወጣው ጭነት እኛን ሊያይ ቆመ፤ የሚወርደው በእርሱ ተዘጋ። በቅሎዎች ይናከሳሉ፣ ነጂዎች ይሰዳደባሉ፣ አንድ በግ ከእግር በታች ሞተ። የኬላው ሹም ሽማግሌ ናቸው፤ ኮርቻ ላይ ተቀምጠው ነበር። ነገራችንን ከመስማታቸው በፊት ያዩት የታፈነውን መንገድ ነው።

«ቶሎ ተናገሩ» አሉ። «አባ፣ ማን መታዎት?»

«ዐይኔን ደም ሞልቶት ነበር» አሉ አባቴ። «ያየችው ልጄ ናት። ያሰረችውም እርሷ ናት።»

«አንተስ?»

«እኔ አልመታሁም፣ ጌታዬ» አለ ሰውየው። «የመታው ሄዷል።»

«ካልመታህ ለምን ቆምህ?»

«በንጉሥ አምላክ ስላለች።»

ሕዝቡ ሳቀ። አንዱ የማር ነጋዴ «ያልመታ ሲቆም ዛሬ ገና አየሁ» አለ፤ ሳቁ ጨመረ። ከኋላ ደግሞ «መንገድ ልቀቁልን፣ በፀሐይ አለቅን» የሚል ጩኸት መጣ።

ሹሙ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህ ነው?»

ሰው ሁሉ አየኝ። አይደለም የምትለውን ቃል አውቃታለሁ፤ ጉሮሮዬ ላይ ነበረች። ሰውየው አጠገቤ ቆሞ ይጠብቃል፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም።

«ልጅቱ አፍራለች» አሉ ሹሙ። «ቋጠሮው መስክሯል። ሃያ ግረፉትና መንገዱን ክፈቱ።»

ቋጠሮውን ራሳቸው ፈቱት። ሁለት ሰዎች እጆቹን ይዘው በደረቱ መሬት ላይ አስተኙት፤ ነጠላውን ገፈፉት። ጅራፉ ከበሬ ቆዳ የተገመደ ነው። በመጀመሪያው ሰውየው አልጮኸም። በሁለተኛው ጀርባው ላይ ነጭ መስመር ታየና ወዲያው ቀላ። በሦስተኛው ቆዳው ተከፈተ። በአራተኛው አፈር ነከሰ። ገራፊው ጮክ ብሎ ይቈጥራል፤ አምስት ሲል ደሙ ከጅራፉ ጫፍ ተፈናጥሮ እግሬ ላይ አረፈ። ስድስት አለ። ሰባት ሲል ሰውየው ጮኸ።

«አይደለም» አልሁ። ማንም አልሰማኝም። «አይደለም፣ እሱ አይደለም» አልሁና ሄጄ በላዩ ወደቅሁ። ስምንተኛው ተነሥቶ ስለነበር አልቆመም። ከአንገቴ እስከ ትከሻዬ አገኘኝ። ከዚያ በኋላ ያልሁትን ሁሉም ሰማው፤ የመታው ፊቱን ፈንጣጣ የበላው መሆኑን፣ ምን ብሎ እንደ ሰደበ፣ አህያዋ እንዴት እንደ ሄደች፣ ሁሉን እየጮኽሁ ተናገርሁ።

ሹሙ ከኮርቻው ተነሡ። «አሁን ነው የምትናገሪው? ሰው በሐሰት ያስገረፈ ያስገረፈውን ያህል ይገረፋል።»

አባቴ በበቅሎዋ ላይ ሆነው ዝም አሉ። ሹሙ አንገቴን አዩ፤ ከዚያ ሰውየውን «ትምራታለህ?» አሉት።

ሰውየው በክርኑ ተደግፎ አፈሩን ከአፉ ተፋ። «ሰባት እስኪሞላ ዝም ብላለች፤ ግን ተናገረች። ልቀቁኝና ልሂድ» አለ። ነጠላውን ጀርባው ላይ ሊያደርገው አልቻለም፤ ጠቅልሎ በእጁ ያዘው። አላየኝም። በተከፈተው መንገድ፣ በገደሉ በኩል፣ የሚወጣውን ጭነት እያሳለፈ ወረደ።

ቤት እንደ ደረስን ወጌሻ ተጠራ። ጊዜው ሠርክ ነበር። ወጌሻው ስብራቱን በጣቱ ፈልጎ አገኘውና «እግራቸውን ከታች አጥብቀሽ ያዢ፣ እንዳይወራጩ» አለኝ። በመጀመሪያው ስበት አባቴ አልጮኹም። ላባቸውን ከፊታቸው ስጠርግላቸው አንገቴ ላይ ያለውን ሰንበር አዩት።

«እግሬን ያለ ተጠያቂ አስቀረሽው» አሉኝ።

«ሰውየው አልመታዎትም፣ አባ።»

«አውቃለሁ።»

እጄ ቆመ።

«ኬላው ላይ ሲናገር ድምፁን ሰማሁ። ቄስ ብሎ የሰደበኝ ድምፅ አይደለም። ቢሆንም የእነርሱ ሰው ነው፤ ከእነርሱ አንዱ ይጠየቅልኝ ብዬ ነው።»

የእኔ አፍ እንደ ተያዘ ሁሉም አይቷል። እርሳቸው ግን በየእሑዱ ሕዝብ ፊት የሚቆሙ፣ ድምፃቸው ከቤተ መቅደስ እስከ ደጀ ሰላም የሚሰማ ሰው ናቸው።

«እኔ ሰባቱን አስቆጠርሁት» አልሁ። «እርስዎ ሃያውን ሊያስቆጥሩት ነበር።»

ወጌሻው እጁን እግራቸው ላይ እንዳደረገ አቀረቀረ። አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከታች ሄጄ እግራቸውን አጥብቄ ያዝሁ፤ ወጌሻው ሳበ።