ባህሩዲን፣ መብራቱና የወርቅ ቀለሙ

ዲላ ውስጥ አሮጌ የጠረጴዛ መብራት የሚሰበስብ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴው ባህሩዲን። ከሱቁ ጓዳ ዘጠኝ መብራቶች አሉት፤ ቆባቸው ከባለቀለም መስታወት ቁርጥራጭ የተሠራ፣ ቁርጥራጩም በቀጫጭን የእርሳስ ብረት እየተያያዘ የቆመ። አንዱን ከቡሌ በጋቢ ጠቅልሎ፣ በዝናብና በጭቃ፣ ግማሹን መንገድ በእግሩ ነው ያመጣው። ያን ዕለት ሚስቱ ሱራያ ሕፃን ታቅፎ የመጣ መስሏት ነበር።

የሁሉም አውራ ግን ቀያይ ፍሬና አረንጓዴ ቅጠል ያለበት ቀዩ ነው። በንጉሡ ጊዜ የአንድ ግሪክ ቡና ነጋዴ ንብረት ነበር። ግሪኩ የወይን ዘለላ ብሎ ያሠራው ይሆናል፤ የዲላ ሰው ግን የደረሰ ቡና ነው ብሎ ፈርዷል። በስድሳ ሰባት ቤቱ በሰፊው ሕዝብ ስም ተወረሰ። ሰፊው ሕዝብ መብራቱን አንድም ቀን አላየውም፤ የቀበሌው ሊቀመንበር አሥራ ሰባት ዓመት የራሱን ቆብ ሰቀለበት። መንግሥት ሲለወጥ ከተሰባበሩ ወንበሮች ጋር በጨረታ ተሸጠ። ያኔ ሃያ አምስት ዓመቱ የነበረው ባህሩዲን ለመብራቱ ሲል ወንበሮቹን ሁሉ ገዛ፤ የጎደሉትን ሁለት ቅጠሎች ከአረንጓዴ ጠርሙስ ቆርጦ በእጁ በየደ። ልጁ ሱመይራ ስትወለድ «ይሄ የሷ ነው፤ በሠርጓ ቀን አጠገቧ ይበራል» አለ። ሃያ አራት ዓመት የጠበቃት ቀን በዚህ ዓመት፣ እሑድ ላይ ዋለች።

ዓርብ ዕለት መብራቱን ለዲኮር ሠራተኛው ለዘርዓብሩክ ሰጠው። «ከሃያ አምስት ሻማ የበለጠ አምፖል እንዳታስገባበት» ብሎ ሦስቴ ነገረው። ቀለም እንዳትቀባው ማለትን ግን ረሳ። ጤነኛ ሰው ይህን ማሳሰብ ያለበት አይመስለውም።

እሑድ ጠዋት በሦስት ሰዓት ወደ አዳራሹ ገባ። ወንበሩ ወርቅ፣ የፕላስቲኩ ምሰሶ ወርቅ፣ አበባው ሳይቀር ወርቅ። የሙሽሮቹ ሶፋ አጠገብ ከራስ እስከ እግሩ ወርቅ የሆነ አንድ ነገር ቆሟል።

«መብራቴስ?» አለ ባህሩዲን።

«ፊትዎ ነው፣ ጋሼ ባህሩ» አለ ዘርዓብሩክ ደረቱን ነፍቶ።

«ምን አደረግኸው?»

«አደስኩት። ጥቁር ጥቁር መስመር ነበረበት፣ ለቪዲዮ አይሆንም። ሁለት ዙር ነፋሁበት። ደግሞ አልጨመርኩብዎትም፣ በነፃ ነው።»

«መስታወቱስ ምን በደለህ?»

«ቀይ ነዋ። ቴማችን ወርቅ ነው።»

ሊቀመንበሩ እንኳ ቆቡን ሲያነሳው መብራቱ መብራት ነበር። ይሄኛው ግን ወራሽ ሳይሆን አስዋቢ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ በጣሳ ቀለም ነፃ የሚያወጣ፣ ያልበለጨለጨውን በሙሉ አድኃሪ ብሎ የፈረጀ የብልጭልጭ ካድሬ። እንዲህ ያለውን በጥፊ ቢሉት እንኳ ጥፊው ለቪዲዮ ያምር እንደሆነ ይጠይቃል።

«ምላጭ አምጣ» አለው።

«ለምን?»

«አምጣ አልኩህ።»

ሶፋው ላይ ተቀመጠና፣ በአዲሱ ሱፉ፣ መብራቱን በጉልበቱ መሃል ይዞ መፋቅ ጀመረ። የመጀመሪያዋ ቀይ ፍሬ ብቅ ስትል ንዴቱ ባሰበት፤ ስንት እንደቀረ አየ።

ሱራያ ከወጥ ቤት በኩል መጣች። «የሱመይራ አባት፣ ምን እየሆንክ ነው? የወንዱ ወገኖች በር ላይ ናቸው።»

«ይግቡ። ማን ያዛቸው?»

«እንደዚህ ሆነህ?»

«እኔ ምን ሆንኩ? የሆነው እሱ ነው።»

ከሀላባ የመጡት ሽማግሌዎች ገቡ። ከፊት የሙሽራው አጎት ሐጂ ዘከርያ ናቸው። ሰላምታ ሰጥተው፣ የሙሽሪት አባት ቀና ሳይል «ወአለይኩም ሰላም» ብሎ መፋቁን ሲቀጥል አዩና ባሉበት ቆሙ። የሰው አገር ልማድ እንዳይነቅፉ በጣም የሚጠነቀቁ ሰው ናቸው።

«ይሄ የናንተ የዲላዎች ወግ ነው?» አሉ በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ወግ ነው» አለ ባህሩዲን ጥርሱን ነክሶ።

«የወንድ ወገንም ይፍቃል?»

ሱራያ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች። ባህሩዲን ምላጩን ሰብሮ ግማሹን ሰጣቸው። ሐጂ ዘከርያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከጎኑ ተቀመጡ፤ ሥራ ያውቃሉ፣ ቅጠሎቹን በእርጋታ ያወጡ ጀመር። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ተራ ያዙ። በአዳራሹ ውስጥ ነገሩ የገባቸው እነሱ ብቻ ነበሩ፤ እነሱም በስህተት።

ሙሽሮቹ ሲደርሱ ግማሹ ተፍቆ ነበር። ባህሩዲን ሰካው። በአንዱ ወገን ቀዩ ፍሬና አረንጓዴው ቅጠል በራ፤ በሌላው ወገን ወርቁ ድፍን እንዳለ ቀረ።

ካሜራ የያዘው ሰው «የቱ ወገን ወደ ካሜራው ይዙር?» አለ።

ባህሩዲን ልጁን አያት። ሱመይራ መብራቱን አየች፣ ወንበሩን አየች፣ ከዚያ በቬሏ ውስጥ ቀስ ብላ «አቢ፣ አትቀየመኝ፤ ከዲኮሩ ጋር ወርቁ ይሄዳል» አለች።

ዘርዓብሩክ ከምሰሶው ጀርባ ሳቀ።

ባህሩዲን መብራቱን ዞር አደረገው፤ ወርቁ ወደ ካሜራው፣ ቀዩ እሱ ወደሚቀመጥበት ጥግ። ቀኑን ሙሉ ከዚያ አልተነሳም። በቪዲዮው ላይ የሙሽሪት አባት ፊቱን አጥቁሮ፣ እስከ ጣቱ አንጓ ድረስ ወርቅ በሆነ እጁ ምግብ ሲመልስ ይታያል።

ማክሰኞ ሙሽሮቹ ወደ ሀላባ ሄዱ። መብራቱን ሱመይራ «ሱቅህ ይቀመጥ፣ እዚያ ይሰበርብኛል» ብላ ተወችው። ረቡዕ ባህሩዲን ከሱቁ ጀርባ የቀረውን ግማሽ ሲፍቅ አንድ ደንበኛ ገባና፣ «ወርቃማ አምፖል አለ?» አለው።

«ውጣ» አለው ባህሩዲን፣ ቀና ሳይል።