ወንድሜን በአሳ መፈለጊያ ስንፈልግ

ወንድሜ የሰጠመበት ሰሞን ውርጩ የከፋ ነበር። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ለመስኖ የተሠራ አንድ ግድብ አለ። በኋላ አሳ ተለቀቀበትና ሥራ ያጡ ወጣቶች ተደራጅተው ያጠምዱበት ጀመር። ወንድሜ ከእነሱ አንዱ ነበር። የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ ዋና አይችልም። ደጋ ላይ ያደገ ሰው ዋና የት ይማራል? ጎህ ሲቀድ መረብ ሊያነሳ ብቻውን በቆርቆሮ ጀልባ ገባ። ከብት ሊያጠጡ የወረዱ ሰዎች ጀልባዋን ተገልብጣ አገኟት።

እኔ ደብረ ብርሃን ሞባይል እጠግናለሁ። ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ተምሬ ሥራ ስፈልግ ሰነበትኩና መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየሁ። ሲደወልልኝ ሱቁን እንኳ ሳልዘጋ ባጃጅ ይዤ በረርኩ።

ስደርስ እናቴ ውሃው ዳር መሬት ላይ ተቀምጣለች። ውሃው ዳር ዳሩን ረግቶ እንደ ስስ መስታወት ሆኗል፤ ሰው ሲረግጠው ይሰነጠቃል። አገር ምድሩ ወጥቷል። ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ በስልኩ ይቀርጻል። አንዲት ሴት እናቴ አጠገብ መጥታ ተቀመጠችና፣ «ምነው ዋና እንደማይችል እያወቁ ብቻውን ለቀቁት?» አለቻት። የምታጽናናት መስሏት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጠላቂዎች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ ተባለ። ቀኑ መሸ፣ አልመጡም። በማግስቱም «መንገድ ላይ ናቸው» ተባልን።

ያን ጠዋት የግድቡን አሳ የሚከታተለው ባለሙያ አንድ ሳጥን በሞተር ሳይክል ጭኖ መጣ። አሳ መፈለጊያ ነው። ከታብሌት የማይበልጥ ማያ አለው፤ ከእሱ በሚወጣው ረጅም ገመድ ጫፍ ላይ ጡጫ የሚያህል ሴንሰር ታስሯል። ሴንሰሩ ውሃ ውስጥ ሲገባ ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ አሳም ይሁን ድንጋይ ነክቶ ሲመለስ ማያው የነካውን ይሥላል። አጎቴ ይህን ሲሰማ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሬሳም ያሳያል?»

«ለምን አያሳይም» አለ ባለሙያው።

ማሽኑ ግን አልበራም። ቁልፉን ደጋግሞ ተጫነው፤ በመዳፉ ጠፈጠፈው። «ብርዱ ነው፣ ፀሐይ ትውጣና እናየዋለን» ብሎ ወደ ሳጥኑ ሊመልሰው ሲል እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺ ይህን አይደል የተማርሽው?»

ካቻቢቴ ከኪሴ አይጠፋም። ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። የባትሪው ጫፎች አረንጓዴ ዝገት ይዘዋል፤ ባትሪውም ራሱ ሞቷል። ያመጣኝ የባጃጅ ሾፌር ትቶኝ ሳይሄድ አብሮን አድሮ ስለነበር የባጃጁን ባትሪ ፈቶ አመጣልኝ። ዝገቱን ፋቅኩ፣ ቀዩን ከቀዩ ጥቁሩን ከጥቁሩ አገናኘሁ። በራ። ሰዉ እልል ሊል ምንም አልቀረውም።

አጎቴ ሴንሰሩን ከዳር ወደ ውሃው አወረደ። ማያው ላይ ወዲያው ጥልቀት ታየ፣ ወለሉ ታየ፣ ትናንሽ አሳዎች አለፉ። ከዚያ አንድ ትልቅ ቀይ ነገር በዝግታ ከቀኝ ወደ ግራ አለፈ። እናቴ ተነስታ ማያውን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ልጄ ነው! ይኸውላችሁ ልጄ!»

ከወንድሜ ጋር መረብ የሚጎትት አንድ ሰው ነበር፤ ከወለጋ ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ከልጆቹ ጋር የሚኖር። ወንዝ ዳር ስላደገ ዋና ያውቃል። ማንም ሳይጠይቀው ልብሱን ማውለቅ ጀመረ። «ይህን ብርድ አትችለውም» አልኩት። ከኋላዬ አንድ ድምፅ፣ «ተዪው ይግባ፣ ለተፈናቃይ ይኼ ምኑ ነው» አለ። የሳቁም ነበሩ። ሰውየው ሰምቷል። ስሱን በረዶ በክንዱ እየሰበረ ገባ።

ጠለቀ፣ ወጣ፣ ራሱን ነቀነቀ። እንደገና ጠለቀ። ቀዩ ነገር ማያው ላይ ተመልሶ መጣ። «ከሥርህ ነው! ወደ ግራ በል!» እያለ አጎቴ ይጮሃል፤ ሰዉም አብሮ ይጮሃል። ሰውየው በወጣ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል፣ በወጣ ቁጥር እንደገና ይልኩታል። ባለሙያው እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። አንድም ቃል አልተናገረም። በመጨረሻ ሰውየው ክንዱን ማንሳት ሲያቅተው ጎትተው አወጡት። ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «የለም... እዚያ የለም» አለ።

«ፈርቶ ነው እንጂ ማሽኑ ይዋሻል?» አለ አንዱ።

ምናልባት ሴንሰሩ ላይ ጭቃ ይዞ ቦታ እያሳሳተን ይሆናል ብዬ ገመዱን ስቤ አወጣሁት። እጄ ላይ ውሃው እየተንጠባጠበ ወደ ማያው ዞር ስል ሥዕሉ አልተቋረጠም። ሴንሰሩ አየር ላይ ሆኖ ጥልቀት ይለካል፣ አሳዎቹ ያልፋሉ። ቀዩ ነገር መጣና በዝግታ ከቀኝ ወደ ግራ አለፈ።

ምን እንደሆነ ገባኝ። ሱቅ ውስጥ ያለ ቴሌቪዥን ገዢ እንዲያይ የሚያሳየው የተዘጋጀ ፊልም አለ አይደል? እንደዚያው ነው። ማሽኑ ለማሳያ በተሠራ የውሸት ሥዕል ላይ ተደርጓል።

ባለሙያውን ከሰዉ ለይቼ ወሰድኩት።

«ይሄ ማሳያ ላይ ነው። ታውቅ ነበር?»

ወደ ሰዉ ገልመጥ አለ። «ቀስ በይ እህቴ። እንግዳ ሲመጣ የምናሳየው እንደዚያ አድርገን ነው። በትክክለኛው አሠራር ምንም አያሳይም፤ ከመጣ ጀምሮ ሠርቶ አያውቅም።»

«ሰውየው ሲጠልቅ እያየህ ዝም አልክ?»

«ገብቶ ነበር እኮ። ደግሞ እናትሽን አላየሻትም? ስታየው ተረጋጋች። አሁን ብትናገሪ ምን ይጨምራል?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስትፈቺው ማያው እንዳይጫር ብቻ ተጠንቀቂ» አለኝ።

ልመታው ፈለግሁ። ጊዜ አልነበረኝም።

እናቴ ማያውን እንደታቀፈች ነበር። በጣቷ ቀዩን ነገር ትከተለዋለች፤ ሲጠፋ እስኪመለስ ትጠብቀዋለች። አጠገቧ ተንበረከክሁ።

«እማዬ፣ ይሄ እሱ አይደለም። ሥዕል ነው። የውሸት ነው።»

«ይኸው ይንቀሳቀሳል።»

«ሴንሰሩ እኔ እጅ ላይ ነው፣ እዪው። ውሃ ውስጥ እንኳ የለም።»

«አትንኪው» አለችኝ።

ከእጇ ላይ ታግዬ ወሰድኩት። ማሳያውን ሳጠፋው ማያው ባዶ ሆነ። እናቴ የልጇን መርዶ ስትሰማ ያላወጣችውን ድምፅ ያን ጊዜ አወጣች። ሰዎች ይዘዋት ከዳሩ አራቋት።

ባዶው ማያ ቢያንስ እውነት ነበር። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ዳበስኩት፤ አልተቆረጠም። መሰኪያውን ስነቅለው ውስጡ እርጥበት ገብቶ ረግቷል፤ ከቀጫጭን እሾሆቹም አንዱ ተጣሟል። በነጠላዬ ጫፍ አደረቅሁት፣ በትንፋሼ አሞቅሁት፣ እሾሁን በካቻቢቴ ጫፍ አቃናሁት። የሴንሰሩ ፊት ላይ የተጋገረውን ጭቃ በተዋስኩት ሳሙና አጠብኩ። መልሼ ሰካሁና ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ማያው ላይ መጀመሪያ ነጠብጣብ፣ ቀጥሎ አንድ የተቆራረጠ መስመር ታየ፤ ከዚያ መስመሩ ተያያዘ። የግድቡ ወለል ነው። አሳ የሚባል አልነበረም።

ወደ ዳር ተስባ በተቃናችው የወንድሜ ጀልባ ገባን፤ ሌላ ጀልባ ስላልነበረ። አጎቴ ይቀዝፋል፣ እኔ ባትሪውን በእግሬ መካከል ይዤ ማያው ላይ አፍጥጫለሁ። በሕይወቴ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ወደ ማዶው ዳር ስንቃረብ ወለሉ ላይ የተጋደመ ረዘም ያለ ነገር ታየኝ። አላመንኩትም። «አዙረው ጋሼ፣ በሌላ በኩል እንለፍ» አልኩት። ስናልፍ እዚያው ነው። ደግመን አለፍን፣ እዚያው ነው።

አጎቴ የጉድጓድ ባልዲ የሚያወጡበትን ሜንጦ በገመድ አወረደ። ሲከብደው ፊቱ ተለወጠ። ሜንጦው የያዘው የወንድሜን ጃኬት ኮሌታ ነበር። መረቡ እግሩ ላይ ተጠምጥሟል። ወደ ዳር ስንጎትተው ስልካቸውን ይዘው የሚሮጡትን አየሁ። ነጠላዬን አውልቄ ፊቱን ሸፈንኩት።

ማታውኑ ቀበርነው።

የጠለቀው ሰውዬ ሳንባው ታሞ ብዙ ተኛ። መጠለያው ድረስ ሄጄ ጠየቅሁት። ያ ማሽን ምን ሆኖ እንደነበር ነገርኩት። «ስጠልቅ ሰዎቹ የሚሉትን አምኜ ነበር» አለኝ። «እጄን እየዘረጋሁ አሁን ነካሁት፣ አሁን ነካሁት እል ነበር።» ከዚያ በኋላ አሳ ማጥመዱን ተወው። ባለሙያው ሥራው ላይ አለ፤ ማሽኑም ለእንግዳ ይወጣል አሉኝ።

እናቴን ማንም ሊያስረዳት አልቻለም። ንስሐ አባቷ ሞክረዋል፣ አጎቴ ሞክሯል። ለእሷ ልጇ ማያው ላይ ነበር፤ ይንቀሳቀስ ነበር። ከተዝካሩ በኋላ ብቻችንን ስንቀር፣ «ይሄድ ነበር፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለችኝ። «አንቺ ነሽ ያጠፋሽው።»

እሁድ እሁድ ዳቦ ይዤ እሄዳለሁ። በሩን ትከፍትልኛለች። ለመጣው ጎረቤት ሁሉ ጠላ ትቀዳለች፤ እኔ ጋ ስትደርስ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ታልፈኛለች። ተነስቼ ራሴ እቀዳለሁ።