የጅግራ ጀርባና የጃርት ጀርባ

እናንተ ታናናሾቼ «ሐሚድ ዓይኑን ምን ነካው?» እያላችሁ ስለማትተዉኝ ልጻፍላችሁ። መጻፍ እንደሆነ ዘንድሮ እጄ ገብቷል፤ እሱ እየሰማ ማውራቱን ግን አልችልም።

ክልላችን ገና አዲስ በሆነበት ጊዜ ነው። ኅዳር ገብቶ ሆሞሻ ዙሪያ ሣሩ መቃጠል ጀምሯል። ጅግሮች ፍሬ ሊለቅሙ የተቃጠለው ላይ ይሰፍራሉ። ታላቅ ወንድሜ ሐሚድ ቆልማማውን መወርወሪያ ዱላ ይዞ ከወጣ ጅግራ አይስትም ነበር፤ እኔ ከጎን ዞሬ አስደነብርለታለሁ። ጅግራ ሰው ስታይ ጀርባዋን ሰጥታ ትሮጣለች። ያኔ ነው ተንደርድሮ መወርወር። በዚህ ነው ያደግነው።

ያን ሰሞን ጃርት የእናታችንን ለውዝ ይጨርስ ጀመር። ጠዋት ስንሄድ የምናገኘው የተማሰ አፈርና ቅርፊት ብቻ ነው። አጎታችን ኢብራሂም ዱካውን ተከትሎ ጉድጓዱን ከኩይሳ ሥር አገኘው። ዱካው የሕፃን እግር ይመስላል፤ ከኋላ እሾሁ አፈሩን ጠርጎታል።

«አንቺ ደግሞ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለኝ ሐሚድ።

«ጃርት ሲያባርርህ ላይ።»

አጎቴ አልሳቀም። «ያላ፣ ዝም በሉ። ሲወጣ ከጎኑ ሁኑ፣ ከኋላው እንዳትቆሙ።»

ጭስ ለቀቅንበት። ነፋሱ ወደ እኛ ዞሮ ዓይናችንን ስናሽ ጃርቱ ወጣ። ቆመ። እሾሁን አቆመ፣ መሬቱን በእግሩ ደበደበ፣ ከዚያ ጀርባውን ሰጠን።

«ሊያመልጥ ነው» ብሎ ሐሚድ ተንደረደረ። አጎቴ «ተመለስ» ሲለው እኔ ሰማሁ፤ እሱ አልሰማም። አመዱ አንሸራቶት በጉልበቱ ወደቀ። ጃርቱ አልሮጠም። እንዳለ ወደ ኋላ፣ በቂጡ መጣበት።

በቃሬዛ ተሸክመን አሶሳ አደረስነው። ሐኪሙ ዓይኑ ላይ የተሰካውን እሾህ አወጣለት፤ ዓይኑን ግን ማትረፍ አልቻለም። እኛ እዚያ ስንቆይ ጃርቱ የቀረውን ለውዝ ጨረሰው።

ጅግራ ጀርባዋን ስትሰጥ ትሸሻለች፣ ጃርት ጀርባውን ሲሰጥ ይዋጋል። ይህን ያን ቀን አወቅሁ፤ ማወቄ ለሐሚድ ምን ይሠራለታል? በአንድ ዓይን ርቀት አልያዝለት ብሏል። ዱላው ወይ ሳይደርስ ይወድቃል ወይ ጅግራዋን አልፏት ይሄዳል። ከዚያ ዱላውን ለማንሳት ሲሄድ ፊቱን አያሳየኝም።

አሁን ከመወርወሩ በፊት ቀስ ብሎ «ቅርብ ናት?» ይለኛል።

እግራችን ሥር ብትሆንም «ሩቅ ናት» እለዋለሁ፤ እንዳይወረውር።