ጭራቁ እኔ ነኝ ብዬ ተነሣሁ

መካነ ሰላም ላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በአንዲት ስልክ የሚያስፈራ ፊልም ቀረጽን። አትሳቁብኝና ጭራቁ እኔ ነበርኩ። ፊልሙ ከስልክ ስልክ ሲዛመት ከተማው «ሰይጣን ጎታቾች!» አለን። በመጨረሻ ትልልቅ ሰዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ አሳይተን እንድንወያይ ተወሰነ። ፊልሙ ሲያልቅ ከሁሉም አጥብቀው ሲቃወሙን የነበሩት ቄስ ሞላ ብድግ አሉ።

«ጭራቁ የታል?»

«እኔ ነኝ አባ» አልኩ፤ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ።

«ደሙስ?»

«የቀይ ሥር ጭማቂ ነው።»

«ደሙ ይሁን። በፊልሙ ላይ የለበስከው ጋቢ ግን የእኔ ነው። ከቤቴ ማን አውጥቶ ሰጠህ?»

ከእኔ ጋር በድብቅ የምትዋደደው ልጃቸው ከኋላ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቄሱ እሷን አዩ፤ እኔን አዩ።

«አዬ ልጄ! ሽማግሌ መላክ እያለልህ ጋቢ ታሰርቃለህ?»