ዱዓው እስኪያልቅ

ትዕግሥት የለኝም። የንግግር ሕክምና ተምሬ፣ ልጆች ቃል እስኪያወጡ መጠበቅ ሥራዬ መሆኑን ሲሰሙ ጓደኞቼ «አንቺ? ውሃ እስኪፈላ የማትጠብቂው?» ብለው ይስቁብኛል። እውነታቸውን ነው። ግማሹን ሳምንት ደሴ፣ ግማሹን ኮምቦልቻ ባሉ ትምህርት ቤቶች ስሠራ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ መቀመጥ እንኳ ያንገበግበኛል። ልጆች ፊት ግን ሌላ ሰው ነኝ።

ደሴ ውስጥ ሦስተኛ ክፍል የምትማር አንዲት ልጅ ነበረችኝ፤ ትንተባተባለች። የሚያሳድጓት አያቷ ከደሴ ዙሪያ ይዘዋት ይመጣሉ። በቀበሌያቸው ለዱዓ የሚጠሩ፣ ምርቃታቸው የሚፈለግ ሽማግሌ ናቸው። ስሟን ስጠይቃት እሳቸው ይመልሳሉ። ምን እንደምትወድ ስጠይቃት፣ ገና «በ... በ...» ስትል «በቆሎ እሸት! አብሽሪ የኔ ልጅ» ይላሉ። ከፍቅር ነው፤ ሸክም የሚያግዟት ይመስላቸዋል። እሷም ለምዳ፣ ቃሉን ጀምራ እንዲጨርሱላት ቀና ብላ ታያቸዋለች።

ክፍል ውስጥ ግን የሚጨርስላት የለም። ልጆቹ ስለሳቁባት መናገር ተወች። አንድ ቀን አያቷ እዚያው እሷ ፊት «እስከ ወሩ መጨረሻ አንደበቷ ካልተፈታ ከትምህርት ቤት አስቀራታለሁ። ወላሂ፣ ሲስቁባት እያየሁ አልኖርም» አሉኝ። ልጅቷ መጽሐፍ ስትይዝ ፊቷ የሚበራ ልጅ ናት።

የዚያን ቀን አብረን ጮክ ብለን አነበብን። ከሰው ጋር እኩል ስታነብ አንዲት ቃል አትይዛትም። አያቷ «አልሃምዱሊላህ፣ ዳነች!» ብለው ብድግ አሉ። «እስቲ ብቻሽን!» አሏት። የመጀመሪያው ፊደል ላይ ተያዘች። አያቷ ስናነብ የሰሙትን ቃል ወዲያው ጨረሱላት።

«ኧረ አባባ፣ ዝም ይበሉላት!» አልኩ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ። ሽማግሌን፣ ያውም የሚመርቅ አፍን፣ ዝም በል አይባልም። ከዘራቸውን ሲያነሱ በቃ ሊሄዱ ነው አልኩ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቃሉ አልጠፋባትም፤ የጎደላት ጊዜ ነው። እርስዎ ዱዓ ሲያደርጉ መሐል ገብቶ የሚጨርስልዎ አለ?»

«አስተግፊሩላህ! ማን ደፍሮ?»

«ታዲያ ሰዉ ምን ያደርጋል?»

«እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። አሚን ይላል።»

ከዚያ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ወደ ልጅቷ ዞረው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «በይ፣ ዛሬ አንቺ መርቂን።»

ልጅ ሽማግሌ ስትመርቅ አይቼ አላውቅም። እኔ ክርስቲያኗም እንደ አገሬ ልማድ እጄን ዘረጋሁ።

«አ... አ... አላህ...» አለች። ውጭ የእረፍት ደወል ተደወለ፣ ልጆች ተንጫጩ። የሽማግሌው ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉ ምላሳቸው ላይ ነበር። ዋጡት። «ለ... ለአባባ ዕ... ዕድሜ ይስጥልኝ።»

«አሚን» አሉ። እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ፤ እኔም አለቀስኩ። ያለቀ መስሎኝ እጄን ልሰበስብ ስል ልጅቷ ቀጠለች። ቀና ብላ አላየቻቸውም።

«ከ... ከትምህርት ቤት አ... አ... አያስቀረኝ።»

አያቷ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ለዱዓ አሚን አይከለከልም፤ እሳቸው ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

«አሚን» አሉ።